የነጋሪት ቃሲም እርጥብ ቃል

የባሕር ዳር ታንኳ ቀዛፊዎች ቃሲምን በስሙ የጠሩት ኒካህ የታሰረለት ዕለት ብቻ ነው ይባላል። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ስሙ «ነጋሪት» ነበር። ነጋሪት ሲጎሰም አገር ይሰበሰባል፤ ቃሲም አፉን ሲከፍትም እንደዚያው። ጠዋት ሰባታሚት መንደር ላይ የማን በሬ እንደ ጠፋ ከሰማ፣ ቀትር ሳይሆን ወደቡ ሁሉ በሬውን ከነቀለሙ ያውቀዋል። ሲያወራ ደግሞ ዝም ብሎ አያወራም። የሰውን ሁሉ ድምፅ ያስመስላል፤ ነጋዴውን በነጋዴው፣ መነኩሴውን በመነኩሴው፣ አማቱን በአማቱ አንደበት ያናግራቸዋል። ክፋት የለበትም። ሰው አያማም፣ ነገር አይሠራም። የሰማው ነገር ሆዱ ውስጥ አልቀመጥ ይለዋል፣ በቃ። «ወሬ ሲይዘኝ እንደ ምጥ ነው» ይል ነበር ራሱ። ሚስቱ ራሂማ ደግሞ «ምጥ እንኳ ዘጠኝ ወር ታግሦ ነው የሚመጣ» ትለዋለች።

እጁ ግን ሌላ ነበር። ከወደቡ ሰው ሁሉ እንደ እሱ አድርጎ ደንገል የሚያስር አልነበረም። ደንገሉን ከሐይቁ ዳር አጭዶ፣ በፀሐይ አድርቆ፣ እስር በእስር ላይ በልጥ ጠፍሮ የሠራት ታንኳ የሌላው ሰው ታንኳ ከበሰበሰች በኋላም ትንሳፈፋለች። «እጁን አምጡልን፣ አፉን እቤቱ ተዉት» ይሉ ነበር ታንኳ የሚያሠሩት።

ይህን ማለታቸው ያለ ነገር አልነበረም። አንድ ክረምት ወዳጁ ሱሌማን አምባዛ የሚበዛበትን ስውር ጥግ ቢያሳየው፣ ሳምንት ሳይሞላ ጥጉ ላይ ከዓሣው አጥማጁ በዛ። የጎረቤቱ ሽማግሌዎች ለልጁ ሚስት ሊለምኑ ገና ከቤት ሳይወጡ ቃሲም ገበያ ላይ «እሺ ተባሉ!» ብሎ አበሠረ፤ የልጅቷ አባት «ሳልጠየቅ ሰጠሁ ተባልሁ?» ብሎ ተቀየመና ነገሩ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ቃሲም ወደ ወደቡ ዋርካ ሲጠጋ ጨዋታው ይቋረጣል። ሰዎቹ ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራሉ። በበጋ ሳይቀር ስለ ዝናብ ያወራሉ። ቃሲም ሞኝ አይደለምና ይገባዋል። ይስቃል፣ ቀልዶ ያልፋል፤ እቤቱ ሲገባ ግን ያመዋል። ሰው ሆኖ የማይታመን መሆን ሕመም ነው፤ መድኃኒቱም በሱቅ አይሸጥም።

የዚያ ወደብ ሰዎች ስለ ቃል የቆየ ሕግ ነበራቸው። ታንኳ ቀዛፊ ብዙ ይሰማል። ነጋዴ ከነጋዴ ይዋዋላል፣ ባልና ሚስት ይጣላሉ፣ መነኩሴ ያዝናል፤ ሁሉም እጀርባው ተቀምጦ ሲያወራ ቀዛፊው ጆሮ ያለው አይመስለውም። ስለዚህ አባቶቻቸው ቃልን እንደ ደንገል ለይተው አኖሩት። ደረቅ ቃል አለ፤ የእህል ዋጋ፣ የነፋስ ነገር፣ ማንም ቢሸከመው ማንንም የማይጎዳ ነው። እርጥብ ቃል አለ፤ ጉዳዩ ገና ያላለቀ፣ ከታንኳዋ ሰዎች ውጪ መውጣት የሌለበት ነው። በእርጥብ ደንገል የሠራ ሰው እንደሚሰጥም ሁሉ እርጥብ ቃል ያወጣም ሰው ያሰጥማል። ጉዳዩ አልቆ አደጋው ሲያልፍ ቃሉ ይደርቃል፣ ያን ጊዜ ይወራል። ከሁለቱ በታች ደግሞ ሥር ቃል አለ፤ እሱ ለሚመለከተው ሰው ብቻ ይነገራል፣ ሌላው ባይጠይቅ ይሻለዋል። ደግሞም ቃል ደረቀ የሚለው ባለቤቱ ነው እንጂ የሰማው አይደለም።

ሕጉን ቃሲምም ያውቀዋል። ያውቀዋል ብቻ ሳይሆን ከሁሉ አሳምሮ ያወራዋል። ግን ለእሱ ቃል ሁሉ ከጆሮው ሲገባ የደረቀ ይመስለው ነበር።

ጣሊያን ባሕር ዳር ገብቶ ከሐይቁ ዳር ሰፈሩን ሲተክል ይህ የአባቶች ሕግ የሞት ሽረት ነገር ሆነ። ያለ ፈቃድ ሐይቁን ያቋረጠ ታንኳ ይቃጠላል፣ አርበኛ ያሻገረ ይሰቀላል ተብሎ ታወጀ። ወደቡን የሚቆጣጠር አንድ የጣሊያን ሹም ተቀመጠ። አፉም ጆሮውም መርስዔ ኀዘን የሚባል አስተርጓሚ ነበር፤ ቤተ ክህነት የተማረ፣ ኋላ ምጽዋ ወደብ ሲሠራ የጣሊያንን ቋንቋ የለመደ ቀጭን ሰው። ሕዝቡ ሹሙን ይፈራ ነበር፤ አስተርጓሚውን ግን ይጠላው ነበር። ባዕድን መጥላት ድካም ነው፣ የራስን ሰው መጥላት ይቀላል።

አንድ የጥር ቀን የወደቡ ሽማግሌ ሙሀመድየሱፍ ቃሲምን አስጠሩት። እሳቸው ማን በየት እንደሚሻገር፣ ማን ማንን እንደሚቀበል ሁሉ በልባቸው የያዙ ሰው ነበሩ። ቃሲም ተጣድፎ ሲመጣ ልጥ እያለሰለሱ አገኛቸው።

«ቃሲም፣» አሉት ቀና ሳይሉ፣ «ሌላ ሰው ቢኖረኝ አንተን አልጠራህም ነበር።»

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

«ቡርሀንን ወባ ጥሎታል። ሱሌማን ዓይኑ ከመሸ አያይለትም። በደንገሉ መካከል ያለውን መንገድ ካንተ በቀር የሚያውቅ አጣሁ። አንድ የቆሰለ ሰው አለ፣ ዛሬ ካልወጣ ነገ ያገኙታል። በቁንዝላ መንገድ ከደንገሉ ጫካ አድርሰህ ትመለሳለህ። ከዚያ ማን እንደሚቀበለው አትጠይቀኝ፤ ላንተ ሥር ቃል ነው።»

«ስሙስ?»

«ስሙ ምን ያደርግልሃል?»

«ኧረ አባባ፣ ሰው እኮ ስም ከሌለው ጭነት ነው።»

«እንግዲያው ጭነት ነው በል።» ሽማግሌው ፈገግ ሊሉ ዳዳቸውና ተዉት። «የማታውቀውን ቢገርፉህም አታወጣውም፤ ላንተው ብዬ ነው። የምታውቀውን ግን አደራ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ፤ አፋፉ ላይ የሚቆመው ደግሞ አንተ ብቻ አይደለህም።»

«መቼ ይደርቃል ታዲያ?»

«እኔ ደርቋል እስክልህ።»

ቃሲም ከዚያ ሲወጣ እግሩ መሬት አልነካም። ፈርቶም ነበር፣ መፍራቱን አልካደም፤ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቅ የኖረውን ነገር ዛሬ ሰጡት። ሚስጥር ሰጡት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደንገል የሚያጭድበትን ማጭድ ይዞ፣ ጋቢ የተከናነበውን ሰው በደንገል ነዶ መካከል አስተኝቶ ወጣ። ሰውየው ጭኑን ተመትቷል። ታንኳዋ በተወዛወዘች ቁጥር ጥርሱን ነክሶ ይይዘዋል እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ አላቃሰተም። ቃሲምም አላወራም፤ ይህ ራሱ ለታሪክ የሚበቃ ነገር ነው። እንዲህ ሁለቱም ሲጠነቀቁ ከደንገሉ አፍ ላይ ሲደርሱ ጉማሬ ከታንኳዋ ጎን ብቅ አለና አፉን ከፈተ። ያ ጥይት ያላናገረው ሰው «ወይ ጊዮርጊስ!» ብሎ በሐይቁ ላይ ጮኸ። ቃሲም ታንኳዋን ወደ ደንገሉ እንዴት እንዳዞራት አያውቅም። ደንገሉ መካከል ገብተው ውሃ ጠጥታ በከበደች ታንኳ ላይ ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ ሰውየው፣ «ከነጭ ጥይት አምልጬ ለጉማሬ ራት ልሆን ነበር?» አለው ቀስ ብሎ። እዚያው አፋቸውን በእጃቸው አፍነው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ጉማሬው እስኪርቅ ከደንገሉ መውጣት አልቻሉምና እዚያው አደሩ። ሲነጋጋ ቃሲም ሰውየውን ከተባለው ቦታ አደረሰው፣ ዞሮም ሳያይ ተመለሰ፤ ሲመለስ ታንኳ የሚሞላ ደንገል አጨደ።

መከራው የጀመረው ወደብ ሲደርስ ነው። ታንኳዋን እንድትንጠፈጠፍ ዳር ላይ አቁሞ ተቀመጠ። ሱሌማን «የት አደርህ?» አለው። «እ» አለ ቃሲም። «ዓሣ ነበረ?» «እ»። ሌላው መጣ፣ ለሱም «እ»። ከንፈሩን በጥርሱ ይዞ፣ ዓይኑን ሐይቁ ላይ ተክሎ ዋለ። ሰው ሁሉ በሩቅ ይጠቋቆም ጀመር። አንዳንዱ ዘመድ ሞቶበት ይሆናል አለ፤ አንዳንዱ ጂን መቶታል አለ።

ሹሙና መርስዔ ኀዘን በዚያ ሲያልፉ አስተርጓሚው እንደ ልማዱ ቀልድ ጀመረው። «ነጋሪት፣ ዛሬ ምነው ቆዳህ ተቀደደ?»

ቃሲም ዝም።

ሹሙ ምን እንደ ተባለ ጠየቀ። አስተርጓሚውም ሳያስብ ነገረው፤ ይህ ሰው በዚህ ወደብ ከሁሉ ይልቅ ለፍላፊ ነው፣ ዛሬ ግን ዝም አለ ብሎ። ሹሙ ሳቅ አላለም። ቃሲምን ቆሞ አየው። ቀጥሎ ወደ ታንኳዋ ሄዶ ደንገሉን በጣቱ ጫን ሲለው ውሃ ተንዠቀዠቀ፤ እንዲህ የምትርስ ታንኳ ለአፍታ ብቻ የወጣች አለመሆኗን እሱም በዚህ ወደብ ከርሞ ተምሮታል። ያን ጊዜ አስተርጓሚው ቀልዱ የት እንዳደረሰ ገብቶት ፊቱ ተለወጠ። ደግነቱ የጣሊያኖቹ የሞተር ጀልባ ጥሩንባ ነፋና ሹሙ ተቻኮለ። «ነገ ጠዋት የሚጠይቅህ አለው» አለ መርስዔ ኀዘን፣ ዓይኑን ከቃሲም ዓይን አሽሽቶ።

ማታ ራሂማ ራቱን አቀረበችለት፤ አልነካውም። እሷ ስለ ሰውየው የምታውቀው ነገር አልነበረም። የምታውቀው ባሏን ነው።

«የት እንዳደርህ አልጠየቅሁህም፣ አልጠይቅህምም» አለችው። «ግን አንተ ሰው፣ ዝም ማለትህ አገሩን ሁሉ አስደነገጠው እኮ። ውሃ ልቀዳ ወርጄ ሦስት ሴት ‹ምን ሆነ?› አለችኝ።»

«ዝም በል ተባልሁ፣ ራሂማ።»

«ለነጋሪት ዝም በል ያለው ማን ነው? ድምፁ የጠፋ ነጋሪት ነው ሰው የሚያስደነግጥ! ሌላው ሰው ምስጢሩን በዝምታ ይሸፍን፤ የአንተ ግን በዝምታ ይገለጣል። ነገ አውራ። የሚወራውን ደረቁን ሁሉ አውራ። ጆሯቸው እስኪደክም አውራ።»

ቃሲም አፉን ከፍቶ አያት። ይህን ሳያስበው መቅረቱ ገረመው። ከዚያ ራቱን ጠርጎ በላ።

ጠዋት ሹሙና አስተርጓሚው ሲመጡ ቃሲም ገና ከሩቅ ጀመራቸው።

«እንዴት አደሩ ጌታው! ሹሙስ ደኅና አደሩ? ትናንት ዝም አልሁ ብለው ተቀይመዋል መሰለኝ። ጉሮሮዬን ብርድ ይዞት እኮ ነው። ብርዱን ከየት አመጣኸው አይሉኝም? ከደንገል አጨዳ! ይችውልዎ ታንኳዬ፣ በጥቅምት የሠራኋት ናት፤ ደንገሏ ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት የታጨደ ነው፣ የዚያ ደንገል ወፍራም ነው፣ የዘጌው ግን ቀጭን ነው፣ ቀጭን ነው ስልዎ ይሰበራል ማለቴ አይደለም…»

መርስዔ ኀዘን እየተከተለ ያስተረጉም ነበር። ላቡ መጣ። ሹሙ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ ደግሞ ተቀመጠ። ቃሲም ደንገል ከማጨድ ተነሥቶ ወደ ልጥ ሄደ፣ ከልጥ ወደ አምባዛ፣ ከአምባዛ ወደ አማቱ የወገብ ሕመም። ከጉሮሮው ብርድ በቀር የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ያጨደው ደንገል እዚያው ተከምሯል፣ ማጭዱ እዚያው ተሰክቷል። ከእውነቱ የጎደለው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«ያደርኸው ለምንድን ነው ይልሃል?» አለ አስተርጓሚው በመጨረሻ።

«ጉማሬ አሳድሮኝ!» ቃሲም ብድግ አለ። አሁን ሞቆታል፤ ወሬው ራሱ ይዞት እየበረረ ነው። «እቀዝፋለሁ፣ እቀዝፋለሁ፣ ሐይቁ ፀጥ ብሏል፤ ድንገት ከጎኔ ቡፍፍ! አፉን ቢከፍተው፣ ጌታው፣ አፉ በር ያህላል! ታንኳዋ ስትናጥ፣ ‹ወይ ጊዮርጊስ!› ብሎ…»

ቆመ። አፉ እንደ ተከፈተ ቀረ።

አስመስሎ ነበር፣ እንደ ልማዱ። የዚያን ሰው ድምፅ፣ የዚያን ሰው ታቦት። ቃሲም የሐይቁ እስላም ልጅ ነው፤ ጉማሬ ቢያስደነግጠው ያ ረቢ ይላል፣ ሌላም ይላል፣ ጊዮርጊስን ግን አይጠራም። ታንኳዋ ላይ ሌላ ሰው እንደ ነበረ በገዛ አንደበቱ አወጀ። ይህን ስህተት ማንም ሌላ ሰው አይሠራውም፤ ደግሞም የዚህ አገር ልጅ የሆነ ሰው ሁሉ ይሰማዋል። መርስዔ ኀዘን ሰማው።

ሹሙም አንድ ቃል ለይቶ ሰማ። «ጊዮርጊስ?» አለ፣ ጆሮውን አቅንቶ። «ጊዮርጊስ ምንድን ነው?»

አስተርጓሚው ቃሲምን አየው። ቃሲም ከዚያ ሰው ዓይን ውስጥ ገመዱን አየ፤ የራሱን፣ የሽማግሌውን፣ ደንገሉ ዳር የተወውን ስም የለሽ ሰው።

መርስዔ ኀዘን ወደ ሹሙ ዞረና በጣሊያንኛ ረጋ ብሎ ተናገረ። ቋንቋውን ቃሲም አያውቅም፤ ግን ሰውየው በእጁ በሐይቁ ዳር ወደሚታየው ወደ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ አመለከተ፣ ቀጥሎ ወደ ውሃው አመለከተ፣ ቀጥሎ እጆቹን እንደ ጉማሬ አፍ ከፈታቸው። ጉማሬው በጊዮርጊስ ትይዩ ብቅ አለ ማለቱ ነው። ሹሙ ሳቀ። የቃሲምን የተከፈተ አፍ እያየ ደግሞ ሳቀ፤ ጉማሬውን እያሳየው መስሎታል። ሲጋራ አውጥቶ ሰጠውና ተነሥቶ ሄደ።

አስተርጓሚው ሊከተለው ሲል ጫማውን እንደሚያስተካክል ጎንበስ አለ። «ጉማሬው ክርስቲያን ነው እንዴ?» አለው በሹክሹክታ።

ቃሲም ወደ ሹሙ ጀርባ አየ።

«ትናንት ነገሩን ያነሣሁብህ እኔ ነኝ፣ ዛሬ ከፈልሁ። ይህን ካወጣኸው የምሰቀለው እኔ ነኝ። ለሚስትህም፣ ለሽማግሌህም አይነገርም።»

ከዚያ ቀና ብሎ ሹሙን ተከትሎ ሄደ፤ ሰው እየሰማውም «ለፍላፊ!» ብሎ ሰደበው። ቃሲም እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ስድብ ሰምቶ አያውቅም።

ጥቂት ቆይቶ ሙሀመድየሱፍ ጠሩት። «ጭነቱ ደልጊ ደርሷል» አሉት። «ጣሊያን እስካለ ግን ገና እርጥብ ነው።» ከዚያም ሳይታሰብ፣ «ጠዋት ከዋርካው ሥር ሆኜ ስታወራ ሰማሁህ። እኔ ዝም በል ማለቴ ስህተት ነበር። እያንዳንዱ ሰው አያያዝ አለው» አሉ። ሽማግሌ ስህተቴ ነው ሲል መስማት ብርቅ ነውና ቃሲም ይህንንም ለመናገር አፉን በላው። አልተናገረም።

ከዚያ በኋላ ሌሎችም ጭነቶች ተሰጡት። ቃሲም ማታ ያሻግራል፣ ጠዋት ያወራል። ሹሙ ከወደቡ ብቅ ካለ ሌሎቹ ቀዛፊዎች «ነጋሪትን ጥሩት!» ይላሉ፤ እሱም ስለ አማቱ ወገብ ይጀምራል፣ ሹሙም ፊቱን አዙሮ ይመለሳል። ይሄ ሁሉ ደስ የሚል ነበር። አንድ ነገር ብቻ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰክቶ ቀረ።

አስተርጓሚው በወደቡ ሲያልፍ ሴቶች ይተፉ ነበር። ዋርካው ሥር «ያ ባንዳ» ሲሉት፣ «የሱ ቀን ሲመጣ» ሲሉ ቃሲም ይሰማል። አንድ ቀን ሱሌማን «የሰው ደም ይጠጣል እኮ ይሄ ሰው!» ሲል ቃሲም ብድግ አለ። «ሐሰት!» ሊል ነበር፤ ቃሉ ከጥርሱ ደርሶ ነበር። ሁሉም ዞረው አዩት። «…ጉማሬ እኮ ደም አይጠጣም፣ ሣር ነው የሚበላ» አለና ስለ ጉማሬ አወራ። ሲጨርስ እቤቱ ሄዶ ተኛ። ራሂማ ግንባሩን ዳሰሰች፤ ትኩሳት የለውም። «ምን ሆንህ?» አለችው። ወደ ግድግዳው ዞረ። ምጥ ነው፣ ሊላት ነበር፤ ይሄኛውስ ዘጠኝ ወር ብቻ የሚያስታግሥ አልነበረም።

ጣሊያን ከባሕር ዳር ለቅቆ ሲወጣ እልልታው ከሐይቁ ማዶ ተሰማ። አርበኞች ገቡ። መርስዔ ኀዘን አልሸሸም። እጁን ታስሮ ከወደቡ ዋርካ ሥር ሲቀርብ፣ ለመፍረድ ከተቀመጡት መካከል አንዱ በበትር የሚያነክስ አርበኛ ነበር፤ ገብረ መስቀል ይሉታል። ቃሲም ሲያየው ለየው። ጭነቱ ስም ነበረው።

ሰው ሁሉ እየተነሣ አስተርጓሚውን ከሰሰ። ከጣሊያን ጋር ቆሞ ነበር፣ ከጣሊያን ጋር በልቶ ነበር፣ ሰው ሲገረፍ አጠገቡ ነበር። ውሸት አልነበረም። ገብረ መስቀል ፊቱ እየጨለመ ሄደ። «የሚናገርለት ሰው አለ?» አለ።

ቃሲም ተነሣ። ሕዝቡ ከነጭንቀቱ ሳቀ። «ነጋሪት ሊያወራ ነው! ቁጭ በል፣ የአማትህ ወገብ ዛሬ ይቆየን!»

ቃሲም ግን ወደ ሙሀመድየሱፍ ዞረ። «አባባ፣ አንድ እርጥብ ቃል አለኝ። ደርቋል?»

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። «የማላውቀውን ቃል እንዴት ደርቋል እላለሁ? ባለቤቱን ጠይቅ።»

ቃሲም እታሰረው ሰው ዘንድ ሄደ። «የእርስዎ ቃል ነው፣ ጌታው። ልናገር?»

መርስዔ ኀዘን ቀና ብሎ አየው። የረሳው መስሎት ነበር፤ ወይም ያን ጊዜውኑ ለመንደሩ ሁሉ ያወራው መስሎት፣ ማንም ባለማመኑ የተረፈ መስሎት ነበር። «እስካሁን ይዘኸዋል?» አለው።

«እርጥብ ነበራ።»

አስተርጓሚው አንገቱን ነቀነቀ። መፍቀዱ ነበር።

ቃሲምም ተናገረ። ይህን ጊዜ ግን ሲያወራ አላስመሰለም፣ አላንዛዛም። ጉማሬውን፣ የተናጠችውን ታንኳ፣ ኋላ በሹሙ ፊት የሠራውን ስህተት፣ አስተርጓሚው እጁን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያመለከተበትን ሁሉ ነገራቸው፤ የጩኸቱን ቃል ብቻ አልጠራም። «ሌላ ቀን ምን እንደ ሠራ እኔ አላውቅም። ያየሁትን ብቻ ነው የምላችሁ። ያን ቀን ‹ታንኳው ላይ ሌላ ሰው ነበረ› ቢል ኖሮ ሽልማት ያገኝ ነበር። አላለም። እኛ ስንተፋበትም አላለም።»

«ምን ብሎ ነበር የጮኸው፣ ያ ሰው?» አለ ገብረ መስቀል፤ ድምፁ ተለውጧል።

ቃሲም ተቸገረ። «እሱ የእርስዎ ቃል ነው፣ ጌታዬ። እርስዎ ይበሉት።»

ገብረ መስቀል በበትሩ ተደግፎ ተነሣ። «‹ወይ ጊዮርጊስ› ያልሁ እኔ ነኝ» አለ ለሕዝቡ። «ጥይት ሲመታኝ ያልጮህሁ ሰው ለጉማሬ ጮህሁ። ይህን በሐይቁ ላይ ከእኔና ከዚህ ቀዛፊ በቀር የሰማ የለም።» ከዚያ ወደ እስረኛው አነከሰ፤ ገመዱን ለሌላ ሰው አላዘዘም፣ ራሱ ፈታው። አስተርጓሚው የተፈቱ እጆቹን አይቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ስለ ሌላው ክስ ሽማግሌዎች ሊጠይቁት ለሌላ ቀን ቀጠሩት፤ እሺ ብሎ በእግሩ እቤቱ ገባ።

ራሂማ ባሏን ከሕዝቡ መካከል ጎትታ አወጣችው። «ከእኔም? ይሄን ሁሉ ጊዜ ከእኔም?»

«አይነገርም ተባልሁ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ አሉ» አለች ራሂማ፤ ግን እየሳቀች ነበር፣ እየሳቀችም በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

በማግስቱ ቃሲም የልጥ እስር ተሸክሞ ወደ ወደቡ ሲወርድ ሙሀመድየሱፍና ሱሌማን ዋርካው ሥር አንገት ለአንገት ገጥመው ሲያወሩ አየ። የሱሌማን ልጅ ልትታጭ የታሰበበት ነገር ነበር፤ ሽማግሌ ገና አልተላከም። ቃሲም እንደ ልማዱ እርምጃውን ቀነሰ፣ ስለ ዝናብ እስኪጀምሩ እንዲመቻቸው ብሎ ጉሮሮውንም ጠረገ። ሱሌማን ቀና ብሎ አየውና ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት። ወሬውንም ካቆመበት ቀጠለ።